ባሕሩና ሸለቆው፦ የጅዳና የመካ ሁለት ዓይነት ሐሩር

የአየር ንብረት ለውጥ ሲነሳ ብዙ ሰው በአእምሮው የሚስለው ዓለም በሙሉ በእኩል መጠንና በአንድ ዓይነት መንገድ እየሞቀች መሄዷን ነው። ይህ ግምት የሚመነጨው በየዓመቱ ከሚነገረው የዓለም አማካይ ሙቀት ሲሆን፣ አኃዙ ለሳይንሱ አስፈላጊ ቢሆንም በአማካይ ሙቀት ውስጥ የሚኖር ሰው ግን የለም። ሰው የሚኖረው በአንድ በታወቀ ከተማ፣ በተወሰነ ከፍታ ላይ፣ ከባሕር በተወሰነ ርቀት ነው፤ ጤናውን የሚያናጋው፣ ሲብስም ሕይወቱን የሚያሳጣው፣ በዓመት ውስጥ ጥቂት ቀናት ብቻ የሚከሰተው ከተለመደው የወጣ ሙቀት ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ይህን የሙቀት ጽንፍ ይሉታል። ጽንፉ ከቦታ ቦታ በመጠን ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ስለሚለያይ፣ የዓለም ሙቀት በአንድ ዲግሪ ጨመረ ማለት ለአንዱ ከተማ የሚያመጣው መዘዝ ለጎረቤቱ ከሚያመጣው ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ለዚህ ከጅዳና ከመካ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሁለቱ ከተሞች በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ ርቀት ላይ የሚገኙ ሲሆኑ፣ በሀጅና በዑምራም ሆነ በሥራ ፍለጋ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የታወቁ ናቸው። በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንድ ፀሐይ፣ ሁለት አየር

ጅዳና መካ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ21 ዲግሪ ተኩል አካባቢ፣ በአንድ የኬክሮስ መስመር አጠገብ ለአጠገብ ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሜይ መጨረሻና በጁላይ አጋማሽ፣ በቀትር በቀጥታ ከካዕባ አናት በላይ ትውላለች። በዚያች ቅጽበት በመካ የተተከለ ምሰሶ ጥላ አይጥልም፤ ፀሐይ በምትታይበት በሌላ አገር ያሉ ሙስሊሞች ደግሞ በዚያችው ሰዓት የራሳቸውን ጥላ አይተው ሲሰግዱ የሚዞሩበትን የቂብላ አቅጣጫ ያስተካክላሉ። ለሙቀት ጉዳይ ይህ ማለት ሁለቱም ከተሞች ከፀሐይ የሚቀበሉት ኃይል በተግባር እኩል ነው ማለት ስለሆነ፣ በመካከላቸው የሚታየው የሙቀት ልዩነት ከሰማይ የመጣ ሳይሆን ከሥር ያለው ምድርና ውኃ የፈጠረው ነው።

ጅዳ ቲሃማ በሚባለው ጠባብ የባሕር ዳርቻ ሜዳ ላይ፣ ከቀይ ባሕር ወለል እምብዛም ሳትርቅ የተዘረጋች ከተማ ናት። መካ ከባሕር ወለል በላይ 280 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዛፍ በማይበቅልባቸው ድንጋያማ ተራሮች መካከል በሸለቆ ውስጥ ትገኛለች፤ ከመካ በስተ ምሥራቅ ደግሞ መሬቱ በሰራዋት ተራሮች ሽቅብ ወጥቶ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከጣኢፍ ይደርሳል። የደጋንና የቆላን ልዩነት ከልጅነቱ ጀምሮ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ አየር በየ1,000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እንደሚቀዘቅዝ ሲነገረው የጣኢፍ ነዋሪዎች ለምን በክረምታቸው የብርድ ልብስ እንደሚለብሱ፣ የመካ ባለጠጎችም ለምን በበጋ ወደዚያ እንደሚወጡ ወዲያው ይገባዋል። ነገር ግን በዚሁ ስሌት መካ ከጅዳ ሁለት ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ ሲገባት፣ በጁን ወር የመካ አማካይ የቀን ከፍተኛ ሙቀት ወደ 44 ዲግሪ ሲጠጋ የጅዳ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው። ከፍታው ለመካ የሰጣትን ሌላ ነገር አብልጦ ወስዶባታል ማለት ነው፤ ያም ሌላ ነገር ከባሕር መራቋና በሸለቆ ውስጥ መሆኗ ነው።

ውኃ ሙቀትን የሚቀበልበት መንገድ ከድንጋይ የተለየ ነው። በባሕር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በማዕበልና በሞገድ አማካይነት ወደ ጥልቁ ስለሚከፋፈልና ከፊሉም ውኃን ለማትነን ስለሚውል፣ የባሕሩ ገጽ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያሳየው የሙቀት ለውጥ እጅግ ትንሽ ነው። ድንጋይና አሸዋ ግን የተቀበሉትን ኃይል በሙሉ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ገጻቸው ላይ ይይዙታል፤ የሚተን ውኃም ስለሌላቸው በቀትር ይግላሉ፣ በላያቸው ያለውን አየርም ያግላሉ። የጋለው አየር ሲነሳ ከባሕሩ የቀዘቀዘና እርጥብ አየር እየተሳበ ወደ የብስ ይነፍሳል። ይህ ከቀትር በኋላ የሚበረታው የባሕር ነፋስ ነው ጅዳን ከመካ ቴርሞሜትር በታች የሚያቆያት። መካ ግን ነፋሱ ሲደርስባት እንኳ በመንገዱ ላይ ሞቆና ደርቆ ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት ተራሮች ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት ስለሚመልሱትና ሸለቆውን የሞላው ኮንክሪትም ይህንኑ ስለሚያደርግ፣ በበጋ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከ29 ዲግሪ ብዙም አይወርድም።

የሚገርመው ግን ለብዙ ዓመታት የሳዑዲ ዓረቢያ ከፍተኛ የሙቀት ክብረ ወሰን ሆኖ የሚጠቀሰው አኃዝ የተመዘገበው በመካ ሳይሆን በጅዳ መሆኑ ነው። ጁን 22 ቀን 2010 በጅዳ 52 ዲግሪ ተለካ። በዚያን ዕለት አሸዋ የተሸከመ ማዕበል ነበር፤ የኃይል ማመንጫዎች ከሥራ ውጪ ሆነው በተለያዩ ከተሞች መብራት ጠፋ። የባሕር ዳርቻ ከተማ እንዲህ ያለ ሙቀት ላይ የምትደርሰው ከየብስ የሚነሳ ደረቅ ነፋስ የባሕሩን ነፋስ አሸንፎ ሲመልሰው፣ ከተራራ ወደ ሜዳ የሚወርደውም አየር በመውረዱ ብቻ ተጨምቆ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ የጅዳ ክብረ ወሰን ስለ ጅዳ የዘወትር አየር የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው፤ ባሕሩ ለአንድ ቀን ሥራውን ባቆመ ጊዜ ከተማዋ ምን እንደምትመስል ብቻ ያሳያል።

ወቅቱም እንዲሁ ይለያያል። መካ ከሁሉ የበለጠ የምትግለው ፀሐይ በምትበረታባቸውና አየሩ እጅግ በሚደርቅባቸው በጁንና በጁላይ ሲሆን፣ ባሕሩ ግን ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ዘገምተኛ በመሆኑ የጅዳ አስጨናቂው ጊዜ ወደ ኦገስትና ሴፕቴምበር ይሻገራል። በእነዚህ ወራት የቴርሞሜትሩ ንባብ ዝቅ ማለት ቢጀምርም የአየሩ እርጥበት ከፍ ስለሚል፣ የጅዳ ነዋሪ ሌሊት እንኳ ከቤቱ ሲወጣ ላቡ ሳይደርቅ ልብሱ ላይ ይቀራል።

ቴርሞሜትሩ የማይናገረው

የሰው ሰውነት ውስጣዊ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ አካባቢ መጠበቅ አለበት። ይህን የሚያደርገው በእረፍት ጊዜም ሆነ በሥራ ጊዜ በውስጡ የሚፈጠረውን ሙቀት በቆዳው በኩል ወደ ውጭ በማስወጣት ሲሆን፣ የቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ያህል በመሆኑ አየሩ ከዚያ በላይ ሲሞቅ ሙቀት ከሰውነት ወደ አየር መሄዱ ቀርቶ ከአየር ወደ ሰውነት መግባት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መውጫ ላብ ብቻ ነው። ላብ የሚያቀዘቅዘው ግን በመውጣቱ ሳይሆን በመትነኑ ነው፤ አየሩ በውኃ ተን የተሞላ ከሆነ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይተንም፣ የሚንጠባጠብ ላብም ሰውነትን ከማድረቅ በስተቀር ጥቅም የለውም።

በዚህ ምክንያት የሙቀትን አደጋ የሚያጠኑ ሰዎች «የእርጥብ ቴርሞሜትር ሙቀት» የሚባል ልኬት ይጠቀማሉ። ይህም የቴርሞሜትሩ ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነፋስ ሲነፍስበት የሚያሳየው ንባብ ነው፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ ከጨርቁ ብዙ ውኃ ስለሚተን ንባቡ ከተራው ቴርሞሜትር በጣም ዝቅ ይላል፣ አየሩ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ንባቦች ይቀራረባሉ። ሸርዉድና ሁበር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2010 ባወጡት ጥናት የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ 35 ዲግሪ ከደረሰ ጤነኛ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ውኃ እየጠጣ እንኳ ለሰዓታት ሊቋቋመው እንደማይችል አሳይተው ነበር። በ2022 በአሜሪካ በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በወጣቶችና በጤነኞች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ወሰኑ ከዚያ ዝቅ እንደሚል አመለከቱ፤ እርጥበት በበዛበት አየር 31 ዲግሪ አካባቢ፣ በጣም በሞቀና በደረቀ አየር ደግሞ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ባለው የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ የሰውነት ሙቀት ከቁጥጥር ውጭ መውጣት ጀመረ።

ይህ ሁለተኛው ግኝት ጅዳንና መካን ለማነጻጸር ዋና ቁልፍ ነው። የጅዳ አየር 38 ዲግሪ ሞቆ አንጻራዊ እርጥበቱ፣ ማለትም አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውኃ ተን ውስጥ በእርግጥ የያዘው ድርሻ፣ 60 በመቶ ቢሆን የእርጥብ ቴርሞሜትሩ ንባብ 31 ዲግሪ ይሆናል። የመካ አየር 52 ዲግሪ ደርሶ እርጥበቱ 10 በመቶ ብቻ ቢሆን ንባቡ ወደ 25 ዲግሪ ተኩል ነው። በተራ ቴርሞሜትር መካ በ14 ዲግሪ ትበልጣለች፤ በእርጥቡ ቴርሞሜትር ጅዳ ከ5 ዲግሪ በላይ ትበልጣለች፤ በሰው ሰውነት ሚዛን ግን ሁለቱም ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ ናቸው። በጅዳ ሰውነት የሚሸነፈው አየሩ ላቡን አልቀበልም ስለሚለው ነው፤ በመካ ደግሞ አየሩ የመጣለትን ላብ ሁሉ በቅጽበት ቢያደርቅም እጢዎቹ በሰዓት ሊያመነጩት የሚችሉት ላብ ከአየሩ የሚገባውን ሙቀት ማካካስ ስለሚያቅተው ነው። በመካ የሚሄድ ሰው ቆዳው ደርቆ ስለሚያገኘው ላብ ያልወጣው ይመስለዋል፤ ውኃ መጠጣት እንዳለበትም የሚያስታውሰው ዘግይቶ ነው። የጅዳው ሰው ቢያንስ ጭንቀቱ ይሰማዋል።

ለዚህ ሁሉ ደግሞ በዜና የሚነገረው የሙቀት መጠን በጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ከአንድ ሜትር ከሩብ እስከ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ በተቀመጠ መሣሪያ የሚለካ መሆኑ ሊጨመር ይገባል። በአስፋልት ላይ በቀጥታ ፀሐይ የሚሄድ ሰው የሚደርስበት ሙቀት ከዚያ የበለጠ ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት የአሜሪካ ጦር በ1950ዎቹ ለምልምሎች ማሠልጠኛ ያዘጋጀው ቀመር እርጥበትን፣ የፀሐይን ግለትና ነፋስን በአንድ አኃዝ ያጠቃልላል፤ ዛሬ በስፖርትና በሥራ ደኅንነት ዘርፍ በብዛት የሚሠራበትም እርሱ ነው።

ሁለቱ ባሕሮችና ዳሎል

የጅዳ እርጥብ ሐሩር ከባድ ቢሆንም በዓረቢያ ልሳነ ምድር ከሁሉ የባሰው አይደለም። በምሥራቁ ዳርቻ ያለው የፋርስ ባሕረ ሰላጤ አማካይ ጥልቀቱ 35 ሜትር ገደማ በመሆኑ በበጋ እስከ ታች ይሞቃል፤ ቀይ ባሕር ግን በአማካይ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ በምትገኘው በዳህራን ጁላይ 8 ቀን 2003 የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ተሸክሞት ያለው ተን ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት የሙቀት ደረጃ፣ 35 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል። ትውልደ ሱዳናዊው የኤም አይ ቲ ፕሮፌሰር ኤልፋቲህ ኤልታሂርና ባልደረባቸው ጄረሚ ፓል በ2016 ያሳተሙት ጥናትም የ35 ዲግሪው የእርጥብ ቴርሞሜትር ወሰን፣ የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ካልተገታ፣ በዚህ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ አልፎ አልፎ ሊደረስባቸው ከሚችሉ ከተሞች መካከል አቡ ዳቢን፣ ዱባይን፣ ዶሃንና ዳህራንን አስቀምጧል። የጅዳና የመካ አኃዝ በዚያ ጥናት ከእነዚህ ዝቅ ያለ ነው፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ ሀጅን ለይተው አንስተዋል፣ ምክንያቱም ከአደጋው ክብደት ግማሹ የሚወሰነው ሰው በዚያ ሙቀት ውስጥ ምን እያደረገ እንደሆነ ነውና።

ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከጅዳ በስተ ደቡብ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዳሎልም በዚህ ንጽጽር ውስጥ ቦታ አላት። ከባሕር ወለል በታች ባለው የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሆኖ ስለተገኘ፣ ዳሎል ሰው በሚኖርበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛ አማካይ ያላት ተብላ ትጠቀሳለች። በአማካይ ከመካም ትበልጣለች፤ የአንድ ቀን ክብረ ወሰን ውድድር ውስጥ ግን ስሟ እምብዛም አይነሳም። ዳሎል የምትታወቀው እፎይታ ባለመስጠቷ ነው፤ ወሩ ሲለዋወጥም ሌሊቱ ሲመጣም ሙቀቷ ብዙ አይለወጥም።

ለውጡ በየት በኩል ይገባል?

የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ2011 እስከ 2020 ባለው ጊዜ የየብስ ሙቀት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጋር ሲነጻጸር በ1.59 ዲግሪ፣ የውቅያኖሶች ደግሞ በ0.88 ዲግሪ መጨመሩን ገልጿል። የየብሱ ጭማሪ የባሕሩን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። የጽንፎቹ ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ በዚያው ሪፖርት መሠረት በከፊል ደረቅ በሆኑ አካባቢዎችና በአንዳንድ የመካከለኛ ኬክሮስ አገሮች እጅግ ሞቃታማዎቹ ቀናት የሚጨምሩት ከዓለም አማካይ ጭማሪ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ በሆነ ፍጥነት ሲሆን፣ በአርክቲክ ደግሞ እጅግ ቀዝቃዛዎቹ ቀናት በሦስት እጥፍ ያህል ይሞቃሉ። ቀድሞ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ይከሰት የነበረ የሙቀት ጽንፍ የዓለም ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር 2.8 ጊዜ፣ በ2 ዲግሪ ሲጨምር 5.6 ጊዜ እንደሚከሰት ተሰልቷል።

በጅዳ የሚገኘው የንጉሥ አብዱልዓዚዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው መንሱር አልማዝሩዊና ባልደረቦቻቸው የሳዑዲን የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች መረጃ ሰብስበው ባደረጉት ትንታኔ፣ ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 2009 የአገሪቱ አማካይ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በ0.6 ዲግሪ እንደጨመረ፣ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀትም ከሌሊቱ ዝቅተኛ ይልቅ ፈጥኖ እንዳደገ አግኝተዋል። በብዙ የዓለም ክፍል የሌሊቱ ሙቀት ከቀኑ ይልቅ ፈጥኖ ሲጨምር በዚህች ደረቅ አገር ነገሩ መገልበጡ ሊያስገርም አይገባም፤ ምድሩ እርጥበት ስለሌለው የተጨመረው ኃይል በትነት ሳይባክን በቀጥታ አየሩን ወደ ማሞቅ ይሄዳልና። መካ በዚህ በኩል ነው የምትጠቃው፤ የቴርሞሜትሯ አኃዝ ይወጣል።

የጅዳ መንገድ ሌላ ነው። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሊይዝ የሚችለው የውኃ ተን 7 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከጎኗ ደግሞ ይህን ለመሙላት የማያልቅ ባሕር አለ። ባሕሩ ከየብስ በዝግታ ስለሚሞቅ የጅዳ ቴርሞሜትር ከመካው ኋላ ሊቀር ይችላል፤ በዝግታ በሚወጣው ሙቀት ላይ የሚጨመረው ተን ግን የእርጥብ ቴርሞሜትሩን ንባብ ያለ ድምፅ ያሳድገዋል። ኮሊን ሬይመንድና ባልደረቦቹ በ2020 ያሳተሙት ጥናት በዓለም ላይ የዚህ ዓይነት አደገኛ እርጥብ ሙቀት ክስተቶች ከ1979 ወዲህ ከእጥፍ በላይ መብዛታቸውን አሳይቷል። በጋዜጣ የፊት ገጽ የሚወጣው 52 ዲግሪ ነው፤ 31 ዲግሪ የእርጥብ ቴርሞሜትር ንባብ ግን እምብዛም ዜና አይሆንም። ይህ ሚዛን የተዛባ ነው፤ ስለ ሙቀት ከሚነገሩት አኃዞች ሁሉ ለሰው ሕይወት ከሁሉ ያነሰ ትርጉም ያለው በብዛት የሚነገረው ነውና።

ሀጅ

ሀጅ የሚፈጸመው በጨረቃ አቆጣጠር በዙልሂጃ ወር ሲሆን፣ የጨረቃ ዓመት ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ያህል ስለሚያጥር ሥርዓቱ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። ለተመራማሪ ይህ ብርቅ ዕድል ነው፤ ሥርዓቱ ሳይለወጥ ወቅቱ ብቻ ስለሚለዋወጥ አንዱን የበጋ ዙር ከሌላው የበጋ ዙር ጋር ማወዳደር ይቻላል። ከሥርዓቶቹ ሁሉ ዋናው በዐረፋ ሜዳ ከቀትር እስከ ፀሐይ መጥለቅ የሚደረገው ቆይታ ነው፤ ወንዶች ኢህራም የተባለውን የሀጅ ልብስ ለብሰው ራሳቸውን ሳይሸፍኑ ይቆማሉ፣ ጥላ መያዝ ግን ይፈቀድላቸዋል። ከዚያ በፊትና በኋላ በመካ አቅራቢያ የሚገኙትን ሚናንና ሙዝደሊፋን የሚያካልል ጉዞ አለ። ከሐጃጆቹ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ፣ የስኳርና የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ከቀዝቃዛ አገርም የመጡ ናቸው፤ የሰው ሰውነት አዲስ ሙቀት ለመልመድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የሚፈጅበት ሲሆን እነርሱ ግን ብዙ ጊዜ ከመጡ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዐረፋ ላይ ይገኛሉ።

ሀጅ በኦገስት በዋለበት በ1985 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1,000 በላይ ሰዎች በሙቀት ሞቱ። በሙቀት የተመታን ሰው ለማከም የሚያገለግል፣ በመካ ስም የሚጠራ የማቀዝቀዣ አልጋ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ተሠርቶ ነበር። ሐኪሙ ሙስጠፋ ኮጋሊና የፊዚዮሎጂ ሊቁ ጆሴፍ ዋይነር የነደፉት ይህ መሣሪያ በሽተኛውን በመረብ ላይ አስተኝቶ 15 ዲግሪ የሆነ ውኃ በጉም መልክ ይረጭበትና 45 ዲግሪ የሞቀ አየር ይነፍስበታል። ሞቃት አየር ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ ቆዳው በበረዶ ከቀዘቀዘ የደም ሥሮቹ ተጨብጠው ሙቀቱን በውስጥ ያስቀሩታል፣ ሕመምተኛውም ይንቀጠቀጣል፣ ቆዳው ሞቆ ውኃው ሲተን ግን ሙቀቱ ይወጣል። የመካ ደረቅ አየር በተፈጥሮ የሚሠራውን ሥራ በአልጋ ላይ አሻሽሎ መድገም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተሠራ። በኤፕሪል 1997 በሚና የተነሳው እሳት 343 ሰዎች ከገደለ በኋላ እሳት የማይበላቸውና አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው ድንኳኖች ተተከሉ፤ በዐረፋ ውኃን እንደ ጉም የሚረጩ ምሰሶዎች ቆሙ፤ በካዕባ ዙሪያ ጠዋፍ የተባለው ዙረት የሚደረግበት ወለል ከግሪኳ ታሶስ ደሴት በመጣ ፀሐይን በሚመልስ ነጭ እምነ በረድ ተነጠፈ፤ የአስፋልት መንገዶችም በነጭ ቀለም መቀባት ጀመሩ። በ2024 የታተመ የ40 ዓመት ጥናት በመካ ሙቀቱ በየ10 ዓመቱ በ0.4 ዲግሪ ያህል እየጨመረ ቢመጣም በሀጅ ወቅት በሙቀት የሚመቱ ሰዎች መጠን በ74 በመቶ ገደማ፣ የሚሞቱትም በ47 በመቶ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ይህ በሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኝ ውጤት ስለሆነ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም።

በዚያው ዓመት በጁን ወር ግን ካዕባ በሚገኝበት በመስጂደል ሐራም አካባቢ 51.8 ዲግሪ ተለካ፤ የሳዑዲ የጤና ሚኒስትር ፋህድ አልጀላጅል በሀጁ ወቅት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቁ። ከሟቾቹ 83 በመቶ የሚሆኑት የሀጅ ፈቃድ ያልነበራቸውና በቀጥታ ፀሐይ ረጅም መንገድ በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። በዚያ ዓመት ሥርዓቱን በፈቃድ የፈጸሙት ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ያው ሸለቆ፣ ያው ቀን፣ ያው ቴርሞሜትር ሆኖ ሳለ፣ አንዱ ወደ ቀዘቀዘ ድንኳንና አውቶቡስ ሲገባ ሌላው በመንገድ ዳር ቀረ። የአየር ንብረት መጻሕፍት የሙቀት ልዩነትን በኬክሮስ፣ በከፍታና ከባሕር በመራቅ ያስረዳሉ፤ የ2024ቱ ሀጅ የፈቃድ ወረቀትን ከእነዚህ ተርታ አስገብቷል።

ከ2026 ወዲያ ሀጅ ከበጋ እየወጣ ወደ ጸደይና ወደ ክረምት ይሄዳል። የእፎይታው ዘመን ግን ወሰን አለው። ኤልታሂር ከሱቺዩል ካንግና ከጄረሚ ፓል ጋር በ2019 ባሳተሙት ጥናት ሀጅ ወደ ሞቃታማዎቹ ወራት በሚመለስባቸው ከ2047 እስከ 2052 እና ከ2079 እስከ 2086 ባሉት ዓመታት የሙቀትና የእርጥበት ጫናው እጅግ አደገኛ ከሚባለው ደረጃ ሊያልፍ እንደሚችል ተንብየዋል።

የሰዓቱ ሕግ

ሐጃጁ ከሳምንታት በኋላ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሠራተኛው ግን ይቆያል። በጅዳ በግንባታ፣ በጽዳት፣ በጭነትና በቤት ሥራ የተሠማሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የመጡት ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጅማና ከትግራይ ነው፤ ብርድ ልብስ ሳይደርቡ ከማይታደርበት ከደሴ ደጋ ወጥቶ በኦገስት ጅዳ የሚደርስ ሰው ከ2,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደማያውቀው የአየር ዓይነት ይገባል። የቆላ ተወላጁም ቢሆን የለመደው ደረቅ ቆላ ከሆነ የባሕር ዳርቻው እርጥበት አዲስ ነው።

የሳዑዲ መንግሥት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባሉት ሦስት ወራት ከቀትር እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራትን ይከለክላል። እርምጃው ተገቢ ነው፤ በመካ ብዙ ሰው ያድናል፣ ምክንያቱም የመካ አደጋ ከፀሐይዋ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ነው። በጅዳ ግን ፀሐይዋ ካዘቀዘቀች በኋላ እርጥበቱ ሲከብድ የተከለከለው ሰዓት አልፏል፤ ጥላ ሥር፣ መጋዘን ውስጥና የአየር ማቀዝቀዣ በሌለው ማእድ ቤት የሚሠራውም ሰው ፀሐይ ላይ ስላልሆነ ክልከላው አያገኘውም። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከአጠቃላዩ የሠራተኛ ሕግ ውጪ ሆነው በተለየ ደንብ የሚተዳደሩ ናቸው። የሳዑዲ ጎረቤት ኳታር በ2021 ባወጣችው ደንብ ውስጥ ሰዓትን ብቻ ሳይሆን እርጥበትን፣ ፀሐይንና ነፋስን የሚያጠቃልለውን ልኬት አስገብታ፣ ንባቡ ከ32.1 ዲግሪ ሲያልፍ ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን የደጅ ሥራ እንዲቆም አዝዛለች። ይህ ለጅዳ የሚያስፈልገው ዓይነት ሕግ ነው።

የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕግ ለተጓዦች የቅድመ ጉዞ ሥልጠና እንዲሰጥ ያዛል። ሥልጠናው ሳዑዲ ሞቃት አገር ናት ብሎ ማለፍ የለበትም፤ ተጓዡ የሚሄደው ወደ ጅዳ፣ ወደ መካ ወይስ ወደ ጣኢፍ እንደሆነ፣ የሚደርሰውም በየትኛው ወር እንደሆነ ታውቆ፣ በአንደኛው ከተማ ላብ ሳይታይ ውኃ እንደሚያልቅ፣ በሌላው ደግሞ ላብ እየወረደ ሰውነት ሊግል እንደሚችል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታትም ከሁሉ የከፉ መሆናቸውን ሊነግረው ይገባል።